ስለ ጎረቤት ገበታ

ሰው የሌላውን አገር ቋንቋ ሳያውቅ ብዙ ወራት ሊቀመጥ ይችላል፤ የአገሩን ምግብ ሳይቀምስ ግን ሦስት ቀን ማደር ይቸግረዋል። ስለዚህ እንግዳ ከባላገር ጋር በመጀመሪያ የሚተዋወቀው በአደባባይ ወይም በሸንጎ ሳይሆን በገበታ ነው። በገበታም ላይ የሰው ጠባይ ፈጥኖ ይገለጣል። ትሑት ሰው ያልለመደው ምግብ ሲቀርብለት ስሙን ይጠይቃል፤ ትዕቢተኛ ግን ገና ሳይቀምሰው ፊቱን ያጠቁራል። አንዱ ከማዕዱ ሲነሣ አንድ ነገር ተምሮ ይነሣል፤ ሌላው ግን ይዞት የመጣውን ንቀት እንደ ያዘ ይመለሳል።

እኔ ይህን ነገር በሚገባ ያስተዋልሁት በድሬዳዋ ነው። ሥራዬ ወደዚያች ከተማ ስለ ወሰደኝ፣ ቤተ ሰቤም ከእኔ ጋር ስላልነበረ፣ ከ2010 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ቁርሴም ምሳዬም ራቴም በምግብ ቤትና በሻይ ቤት ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ኑሮ ሲገጥመው አንድ የለመደውን ቤት ይመርጥና ከዚያ አይወጣም። እኔ ግን በየሳምንቱ ገብቼ ወደማላውቀው አንድ ቤት እሄድ ዘንድ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ሕጉም ሦስት ክፍል ነበረው። አንደኛ፣ የምግቡን ስም በባለቤቶቹ ቋንቋ መጠየቅ፤ ሁለተኛ፣ እነርሱ እንደሚበሉት አድርጎ መብላት፤ ሦስተኛ፣ ሃይማኖቴ የማይፈቅድልኝ ነገር ሲቀርብ በግልጽና በትሕትና መናገር።

ድሬዳዋ እንደ ጎረቤቷ እንደ ሐረር የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ የላትም። የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በመጀመሪያ ወደ ሐረር እንዲሄድ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ስለ ሆነ በቆላው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ከተማይቱ በዚያ ተቆረቆረች። ኦሮሞውና ሶማሌው ቀድሞውንም ያገሩ ነዋሪዎች ነበሩ። ከሐረር ነጋዴው ወረደ፤ ከመሀል አገር አማራውና ጉራጌው መጣ፤ ከባሕር ማዶ የመናዊውና ሕንዱ ተሻገረ፤ ግሪኩና አርመኑ ሱቅ ከፈተ፤ ፈረንሳዊውም የባቡሩን ሥራ ይዞ ተቀመጠ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ከውጭ አገር ሰዎች አብዛኞቹ ሄደዋል፤ ምግባቸውና ቃላቸው ግን አልሄደም። ደቻቱ የተባለው አሸዋማ ወንዝ ከዚራንና መጋላን ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ ይሁን እንጂ የድስቱ ሽታ ወንዝ አይከለክለውምና ከወዲህም ከወዲያም ይሻገራል።

ከሁሉ አስቀድሞ የለመድሁት በመጋላ በኩል ያለ አንድ ፉል ቤት ነው። ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ሲበስል አድሮ ይፈጫል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ከሙን ይነሰነስበታል፤ ዘይት ይፈስስበታል፤ ከትኩስ ዳቦ ጋር በእጅ ይበላል። በዚያ ቤት ለብቻ የሚያዝ ጠረጴዛ የለም። ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ቦታ ባገኘህበት ትቀመጣለህ፤ ከጎንህ ማን እንደሚቀመጥም አትመርጥም። አንድ ቀን ከባጃጅ ነጂ ጋር፣ አንድ ቀን ከሐረሪ ሽማግሌ ጋር፣ አንድ ቀን ከኬላ ጠባቂ ጋር እበላ ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት ሶማሌ እናት ላሖሕ ሲጋግሩ ቆሜ ተመለከትሁ። የቦካውን ቀጭን ሊጥ በምጣዱ ላይ አዙረው ሲያፈሱት፣ ገና ሳይገለበጥ በላዩ ላይ ብዙ ዓይን አወጣ። ደስ ብሎኝ፣ «እማማ፣ ይህስ የእኛ እንጀራ ታናሽ ወንድም ነው» ብላቸው፣ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ታላቁ የትኛው እንደ ሆነ ማን ነገረህ፣ ልጄ?» አሉኝ። በቤቱ የነበሩት ሁሉ ሣቁ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ነገር ግን ቃላቸው ከሣቁ በኋላ ከእኔ ጋር ቀረ። ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀውን ነገር ታላቅ አድርገን ሌላውን በእርሱ እንለካለንና።

እንዲያውም ነገሩን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው «ይህ የእኔ ብቻ ነው» የሚያሰኝ ገበታ ከቶ አይገኝም። እኛ አብሽ የምንለውን ፍሬ ዐረቦች ሑልባ ይሉታል፤ ሐረሪዎችም ከእርሱ የተወደደ መረቅ ይሠሩበታል። ሳምቡሳ ስሙ ከፋርስ ተነሥቶ ሕንድንም ዐረብንም አዳርሶ ወደ እኛ የደረሰ ነው። ቡና ከአገራችን ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በሐረር በኩል የፍሬውን ገለፈት ጭምር አፍልተው ይጠጡታል። ያው ቡና ከብዙ ዘመን በኋላ ጣሊያን አገር ደርሶ፣ ማኪያቶ የሚባል ስምና አንድ የሚያፏጭ መኪና ይዞ ወደ ተወለደበት አገር ተመለሰ። ፉርኖ ብለን የምንጠራው ዳቦም ስሙን ያገኘው ከጣሊያኖች የምድጃ ስም ነው። ይልቁንም ያለ እርሱ ወጥ ወጥ አይባልም የምንለው በርበሬ ዘሩ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው። እንግዲህ በምግቡ የሚኮራ ሰው ይኩራ፤ ነገር ግን በኩራቱ መካከል ብዙ ባዕዳን እጃቸውን እንዳገቡበት አይርሳ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በአገራችን ክርስቲያን እስላም ያረደውን ሥጋ አይበላም፤ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ይህ የቈየ ልማድ ስለ ሆነ በድሬዳዋም የሥጋ ቤቱና የምግብ ቤቱ ምልክት ለየብቻ ነው። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲያዩ፣ «እንዲህ ያለ መለያየት ካለ አብሮ መብላት እንዴት ይቻላል? ወይ ልማዱ ይቅር፣ ወይ ሰው በየቤቱ ይብላ» ይላሉ። እኔ ግን ይህን አሳብ አልቀበለውም። በዚያች ከተማ ሁለት ዓመት ስኖር ያየሁት፣ ልዩነት ሰውን ከሰው የሚያራርቀው ሲደበቅ ወይም ሲናቅ እንጂ ሲታወቅና ሲከበር እንዳልሆነ ነው። የፉል ቤቱ ባለቤት እስላም ነው። በዐቢይ ጾም ገና ከበሩ ስገባ፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ «የአንተን በዘይት ብቻ ነው የምሠራው፣ እንቁላልም ቅቤም የነካው ማንኪያ አይገባበትም» ይለኝ ነበር። በረመዳንም በከዚራ በኩል ያለች አንዲት ክርስቲያን ቡና አፍይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውኃና ተምር በትንሽ ሳሕን አድርጋ ከደጃፏ ታስቀምጥ ነበር፤ መንገድ ላይ ሳለ አዛን የደረሰበት ሰው ጾሙን እንዲፈታበት። ሁለቱም ከሃይማኖታቸው አንዲት ነገር አላጐደሉም። ሰው የራሱን ጾም አጥብቆ ሲይዝ የሌላውንም ጾም ክብደት ያውቃል።

ይህን የሚቃረን ነገርም አይቻለሁ። አንድ ቀን ከዋና ከተማው ለሥራ ከመጣ ጐልማሳ ጋር የግመል ወተት ወደሚሸጥበት ቤት ገባን። የወተቱ ዕቃ በእንጨት ጢስ ስለሚታጠን ወተቱ የጢስ ጣዕም አለው። ጐልማሳው አንድ ጊዜ ተጐንጭቶ ወደ መሬት ተፋውና፣ «ይህንንስ የሚጠጣ ሰው ነው?» ብሎ ሣቀ። ባለቤቲቱ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ኩባያውን አንሥታ ወሰደች፤ ሒሳብ ሲሰጣትም አልቀበልም አለች። ከጎናችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ ኦሮሞ ሽማግሌ ግን ዘወር ብለው በእርጋታ እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ ወተቱን አልወደድሁትም ብትል የምላስህ ጉዳይ ነው፤ ማንም አይቀየምህም። በሚጠጣው ሰው መሣቅህ ግን የልብህ ጉዳይ ነው።»

እውነቱን ለመናገር የግመል ወተት ለእኔም እስከ ዛሬ ድረስ አልተስማማኝም። ሁሉን ውደድ የሚል ሕግ የለም፤ ምላስ በትእዛዝ አይገዛም። ነገር ግን ሽማግሌው እንደ ለዩት፣ ምግብን አለመውደድ ሌላ፣ ሰውን መናቅ ሌላ ነው። ንቀት ብዙ ጊዜ «እነዚያ እኮ የሚበሉት እንዲህ ያለ ነገር ነው» ከሚል ትንሽ ቀልድ ይጀምራል። ቀልዱ ሲደጋገም ተረት ይሆናል፤ ተረቱ ሲደጋገም እንደ እውነት ይቈጠራል፤ እንደ እውነት ከተቈጠረ በኋላም ክፉ ቀን ሲመጣ ድንጋይ ለመወርወር ምክንያት ይሆናል።

ክፉ ቀንም መጣ። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከጥምቀት በዓል ጋር በተያያዘ ግጭት በከተማይቱ ሁከት ተነሣ። ድንጋይ ተወረወረ፤ ሱቅ ተዘጋ፤ ፉል ቤቱም ተዘጋ። የራሱ ድስት የሌለው ሰው የከተማ ሰላም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በሆዱ ያውቀዋል። ሁከቱ በርዶ ቤቱ ሲከፈት በማለዳ ሄድሁ። አግዳሚው ወንበር ግማሹ ባዶ ነበር። የመጡትም ሰዎች እንደ ቀድሞው ቦታ ባገኙበት አልተቀመጡም፤ ቋንቋው ከሚመስለው፣ ሃይማኖቱ ከሚመስለው ጋር እየሆኑ በየማዕዘኑ ተከፋፈሉ። ማንም ማንንም አይመለከትም ነበር።

ባለቤቱ ይህን አይቶ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ፉሉን ለእያንዳንዱ በየሳሕኑ ማቅረቡን ትቶ በሦስት ትልልቅ ትሪ አቀረበውና፣ «ወንድሞቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ ሳሕን አልታጠበም፤ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ብሉ» አለ። የታጠበው ሳሕን ግን ተደራርቦ በመደርደሪያው ላይ ለሁላችንም ይታይ ነበር። አንድም ሰው «ያውና ሳሕኑ» አላለም። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወደ መካከለኛው ትሪ ቀረቡ፤ ከዚያም ሌላው ተከተለ። እኔም ከማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ከአንድ ትሪ በላሁ። በመጀመሪያ ጸጥታ ነበር፤ ኋላ አንዱ ቃሪያ ወደ እኔ አስጠጋልኝ፤ ሌላው ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ተናገረ፤ ጨዋታውም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን የምነግርህ አንድ ትሪ ፉል ከተማን ከጥፋት ያድናል ብዬ አይደለም። አብረው የበሉ ሰዎች ሲጣሉም ታይቷል፤ ሰላምም እውነተኛ ፍርድና የታመነ ሕግ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ገበታ አንድ ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም ወሬን ይመረምራል። አንድ ሰው መጥቶ ስለማላውቀው ሕዝብ ክፉ ነገር ቢነግረኝ ለማመን ይቀለኛል፤ የማውቀው ፊት የለምና። ስለ ፉል ቤቱ ባለቤት ወገን ክፉ ቢነግረኝ ግን፣ በጾሜ ወራት ማንኪያውን የለየልኝን ሰው ፊት አስባለሁና፣ «ቈይ፣ ይህ ነገር እውነት ነው ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ደም የሚፈሰው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውንም የአባቶች ምሳሌ የምረዳው በዚህ ዓይነት ነው።

እንግዲህ አንተ ወጣት፣ የምትኖረው በድሬዳዋም ይሁን በአዲስ አበባ፣ ወይም ዕድልህ ወደ ውጭ አገር ከተማ ቢወስድህ፣ ከለመድኸው ቤት ወጣ ብለህ የጎረቤትህን ማዕድ ቅመስ። ስትሄድ ግን ለመፎከር አትሂድ። ዛሬ ዛሬ ሳሕኑን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለወዳጆቹ የሚልክ፣ ያበሰለችውን ሴት ግን እንደምን አደርሽ የማይል ሰው በዝቷል። እንዲህ ያለው ሰው መቶ ቤት ቢዞር ሆዱን እንጂ ልቡን አያሰፋም። ብዙ ገንዘብም አያስፈልግህም፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ የተማርሁት በአግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ያልወደድኸውን በጨዋነት ተው፤ የማይፈቀድልህን በግልጽ ተናገር፤ የማታውቀውን ጠይቅ። ለመውጣት ስትነሣም የምግቡን ስምና የሠራውን ሰው ስም ይዘህ ውጣ፤ ስም የምታውቀውን ሰው ክፉ ወሬ በቀላሉ አይነጥቅህምና።