የግራና የሌሊት መንገደኞች

ግራናን የሚያውቋት ሰዎች ብዙዎቹ የሚያውቋት በቀን ነው። በሀብሩ ወረዳ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ ስሟ የሚነሳው ከቆቦ ጋር ተጣምሮ፣ በቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ነው። መስኖው፣ ሽንኩርቱ፣ ማሽላው ሁሉ የቀን ነገር ነው። እኔ እዚያው ተወልጄ ባድግም የሌሊቷን ግራና የማውቃት በድምፅ ብቻ ነበር። ጅብ ሲጮህ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ መሳብ፣ በቃ።

ባለፈው ክረምት ልጆቼን ይዤ አባቴ ዘንድ ስሄድ፣ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ የላከላቸውን ራሱን ችሎ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ይዘን ሄድን። ሙቀት ያለው ነገር ከፊቱ ሲንቀሳቀስ ይነቃል፤ በጨለማም ዓይን በማያየው ብርሃን ፎቶ አንስቶ፣ ቀንና ሰዓቱን መዝግቦ ያስቀምጣል።

ያን ሰሞን ከጓሮ የበሰለ ፓፓያ እየተበላ ያድር ነበር። እናቴ “ጃርት ነው” ትላለች። አንድ ጎረቤት ደግሞ ጅብ ነው ብሎ መርዝ እንዲቀመጥ መክሯል። አባቴ ምንም ሳይናገር ልጆቹን ወደ አጥሩ ጥግ ወስዶ፣ የፓፓያ ፍሬ የሞላበት እዳሪ አንድ ቦታ ተከምሮ አሳያቸው። “ጥርኝ ናት። እሷ መጸዳጃዋን ቶሎ አትቀይርም።” ካሜራውን እዚያው ቋሚ ላይ፣ ከጉልበት ከፍታ ላይ አሰሩት።

በሁለተኛው ሌሊት መጣች። ነጠብጣብ ገላ፣ ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል ፊት። ልጄ ትልቅ ድመት መሰለችው። አያቱ ግን ከዚህች እንስሳ ስለሚወጣው ዝባድ፣ ነጋዴዎች በቀንድ እየሞሉ ስለሚሸጡት ሽቶ ማውራት ጀመረ። እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። የመርዙ ወሬ በዚያው ቀረ።

ቀጥሎ አባቴ ጎረቤቶቹን አስፈቅዶ ካሜራውን ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው የእግር መንገድ አዞርነው። በማግሥቱ ጠዋት ካርዱን ስናይ፣ ከሌሊቱ 10፡41 ላይ አንድ ትልቅ ጅብ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። የሚቀጥለው ፎቶ 11፡03 ነው፤ አባቴ በትሩን ይዞ ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄድ።

ዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ጮኸች፤ “አባባ! አያ ጅቦን እኮ ተከትለኸው ነው የሄድከው!”

“እሱ ይቀድማል፣ እኔ እከተላለሁ። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ነን” አለ እየሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከጎረቤት ጋር ካልሆነ፣ ባትሪም ካልያዘ በሩን አልከፍትም አለች። እኔ በዚህ ከእናቴ ጋር ነኝ፤ ጅብ ሰው የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ቢሆንም የአባቴ ንግግር ባዶ ድፍረት አይደለም። ጅብ የሞተ ከብትና የእርድ ትርፍራፊ የሚያጸዳ እንስሳ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በትግራይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው በዐቢይ ጾም እርድ ሲቀንስ ጅቦች ወደ አህያ ይዞራሉ፤ ጾሙ ሲፈታ ወደ ቀድሞ ምግባቸው ይመለሳሉ። አህያ ያላችሁ ልብ በሉ።

ይህ ዓይነቱ ካሜራ የልጆች መጫወቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአማራ ክልል ምዕራብ ጫፍ፣ በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩን ተመራማሪዎች በ2008 ዓ.ም. በፎቶ ያረጋገጡት በእንዲህ ያለ ካሜራ ነው።

ለልጅ ልጆቻችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ እንደ ግራና ባለ ቆላ ቀን ላይ ብዙ አትጠብቁ፤ አየሩ እንደ እንስሳው ገላ ሲሞቅ ካሜራው ልዩነቱን አይለይም። ከፊቱ ያለውን ሣር እጨዱ። እኛ ሳናጭድ በቀረንበት ሌሊት የሚወዛወዝ ሣር ብቻ ስናይ አረፈድን። ከሁሉ በላይ ግን ለጎረቤትና ለቀበሌ ሳትናገሩ፣ ሴቶች ውኃ በሚቀዱበት መንገድም አትሰሩ። በዚህ ጊዜ ዛፍ ላይ የታሰረ ባዕድ ዕቃ ሰው ያስደነግጣል።

ካሜራውን እዚያው ትተነው መጣን። አባቴ አሁን ሲደውል ከዝናቡ በፊት የሚያወራው ስለ ጥርኟ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ግልገሎች አስከትላ መጥታለች፤ እናቴም አንድ ፓፓያ ሳትለቅም ትተውላት ጀምራለች።