አባባ የሚቆጥሯቸው ላሞች

ከቁስቋም ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት የቤተ ክርስቲያናችን አባላት ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ባልየው አባቱን ከያቤሎ አመጣቸው። አባባ ሌሊት ተነሥተው በር ላይ ይቆማሉ፤ በጣታቸው እየቆጠሩ ያጉተመትማሉ። እህል አይቀምሱም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ደግሞ ያለቅሳሉ። ሚስትየዋ ለልጆቿ ፈራች፤ «ወይ አባትህ፣ ወይ እኔ» እስከ ማለት ደረሰች።

እኛም ተጠራን። ከባለቤቴና ከጸሎት ቡድኑ ጋር ሦስት ቀን ጾመን መንፈስ ገሠጽን። እህቶቼ፣ እውነቱን ልናገርና ከሁሉም በላይ የጮኽሁት እኔ ነበርሁ። አባባ ዝም ብለው ያዩናል።

በአራተኛው ቀን ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ ልጃቸውን «ምንድን ነው የሚቆጥሩት?» አልሁት። እስከዚያ ቀን ማናችንም አልጠየቅንም።

«ላሞቻቸውን ነው፤ በየስማቸው ይጠሯቸዋል» አለኝ።

በቦረና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ከብት ለቦረና ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ክብሩ፣ የልጁ ጥሎሽ፣ ከዘመድ የሚዋደድበት ነው። ከአባባ 40 ከብት አንድም አልተረፈም። ያጠኑት ሳይንቲስቶች፣ ሰው ያመጣው የአየር ሙቀት ያ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ አሳድጎታል ብለዋል። ፋብሪካ የሌላቸው ሽማግሌ የሌላውን ጭስ ዕዳ ከፈሉ። እኛ ደግሞ በላዩ ጋኔን ጨመርንባቸው።

መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ከኤልያስ ታሪክ የምወደው ቀርሜሎስ ላይ የወረደውን እሳት ነበር። ያው ነቢይ ከዚያ ረጅም ድርቅ በኋላ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን መለመኑን አንብቤ አልፌዋለሁ። እግዚአብሔር ግን አልጮኸበትም፤ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው።

ባለቤቴ ሆስፒታል መውሰዱን መጀመሪያ አልወደደውም። «ምዕመኑ ምን ይላል?» አለ። ሁለት ቀን ተኳረፍን (ይህን የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው)። በመጨረሻ አማኑኤል ሆስፒታል ይዟቸው የሄደው እርሱ ራሱ ነው። ከባድ ድባቴ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ጀመሩ። ጸሎቱን አልተውንም፤ ጩኸቱን ግን ተውነው።

እንቅልፋቸው ተመልሷል። ዝናብ ሲጥል አሁንም ያለቅሳሉ፤ ምራታቸው ወንበር አውጥታ አጠገባቸው ትቀመጣለች። እኔም ማክሰኞ ማክሰኞ ደብተር ይዤ እሄዳለሁ። ልጃቸው እየተረጎመ የላሞቹን ስምና ጠባይ እጽፋለሁ፦ ጉራቲ፣ ዳለቲ... 23 ደርሰናል።