ጦርና ልብ

አባታችን ሲሞት ቤቱ የቀበሌ ነበር፤ ለእኔና ለታናሼ የቀረን የሚያስረው የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። ጊዜው 1970 ዓ.ም. ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበር ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ ከመሸ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ እኛው ዘንድ ያነጋል። ለቅሶ ቤት ደግሞ መቼም ካርታ አይጠፋም።

በሦስተኛው ሌሊት የሰዓቱ ነገር ተነሣ። እኔ "ታላቅ ነኝ፣ ለእኔ ይገባል" አልኩ። ታናሼ "አባባን ያስታመምኩት እኔ ነኝ" አለ፤ እውነቱን ነበር። አጎታችን ካርታውን በወዘና "ከፍ ያለውን የሳበ ይውሰደው" ብሎ ዘረጋልን። የልብ ንጉሥ ሳብኩ። ገና ፈገግ ሳልል ታናሼም ንጉሥ ገለበጠ፤ ያ ጥቁሩ፣ ባለ እግሩ።

አጎታችን በወጣትነቱ ጣሊያን ጋራዥ ስለሠራ ካርታን የሚጠራው በጣሊያንኛ ነበር፤ ልቡን ኩዎሪ፣ ዳይመንዱን ኳድሪ፣ ሦስት ቅጠሉን ፊዮሪ፣ ጥቁሩን ባለ እግር ፒኬ። ሁለቱን ነገሥታት ጎን ለጎን አስተኝቶ ጥቂት አሰበ። "ፒኬ ማለት ጦር ነው። ጦር ልብን ይወጋል" ብሎ ፈረደ።

ከወንድሜ ጋር አልተጣላንም። ነገር ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ "ስንት ሰዓት ሆነ?" ብዬ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ይህ ሕግ ከየት እንደመጣ መመርመር የጀመርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው። ለካ ጦሩ ራሱ በኋላ የመጣ ኖሯል! ኢስታንቡል፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው ሙዚየም በግብፅ ማምሉኮች ዘመን የተሠራ ካርታ አለ፤ አራቱ ምልክቶች ዋንጫ፣ ሳንቲም፣ ጎራዴና የፖሎ ዱላ ናቸው። ፍሎረንስ በ1377 እ.ኤ.አ. ካርታን ስትከለክል ጨዋታው አውሮፓ ከገባ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ፖሎን የማያውቁት አውሮፓውያን ዱላውን ተራ በትር አድርገው ሣሉት። (የእኛ ሰው ቢያየው የገና ዱላ ብሎ ባለፈው ነበር።) ጀርመኖች ደግሞ ልብ፣ ቅጠል፣ ቃጭልና የኦክ ፍሬ አደረጓቸው። ዛሬ የምንጫወትባቸውን ቅርጾች በ1480 እ.ኤ.አ. ገደማ ያወጡት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ቀይና ጥቁር ቀለም ብቻ የሚፈልጉ፣ ቅርጹ በተቀደደለት ወረቀት ላይ ቀለም እያሻሹ በርካሽ የሚያትሟቸው ሆኑ። እንግሊዞች ቅርጹን ከፈረንሳይ ወስደው ስሙን ከድሮው ካርታ አስቀሩ። ሦስት ቅጠሉን "ክለብ"፣ ዱላ፣ ማለታቸው ከዚያ ነው፤ "ስፔድ"ም አካፋ ሳይሆን የጣሊያኖቹ ስፓዳ፣ ጎራዴው ነው።

ወደ ማዕረጉ ስመጣ መጀመሪያ ደነገጥኩ። በብሪጅ ጨዋታ ስፔድ የሁሉ የበላይ ነው፤ ልብ ይከተለዋል፤ ከዚያ ዳይመንድ፣ መጨረሻ ሦስት ቅጠሉ። አጎቴ ልክ ሊሆን ነው! ማንበቤን ግን አላቆምኩም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በዚያው በብሪጅ የመጨረሻው ወራዳ ስፔድ ነበር፤ ልብ 8 ነጥብ ሲያስቆጥር ስፔድ 2 ብቻ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ተጫዋቾቹ ራሳቸው "ንጉሣዊ" የሚል ቅጽል ጨምረው ከፍ አደረጉት። በፖከር ደግሞ ምልክት ከምልክት አይበላለጥም፤ እኩል የያዙ ሰዎች ገንዘቡን ይካፈላሉ። የአጎቴ ጣሊያኖችስ ቢሆኑ? ስኮፓ በሚሉት ጨዋታቸው የሚሻሙት ለሳንቲሙ ነው፤ የሳንቲም ሰባት ብቻዋን አንድ ነጥብ ታስገኛለች። ጦር ልብን ስለሚወጋ ይበልጣል የሚል ግን የትም አላገኘሁም።

ወንድሜ የሚኖረው ዋሽንግተን ነው። ደወልኩለትና ከማምሉኮች ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ እንደገና መሳብ ነበረብን ነው የምትለኝ?" አለ በመጨረሻ።

"እሱን ነው የምልህ።"

"ሰዓቱ እኮ ከቆመ ስንት ዓመቱ! መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። አላሠራሁትም።" ትንሽ ቆየና "ከፈለግህ ይዤው እመጣለሁ። በነፃ ግን አልሰጥህም" አለኝ።

ለፋሲካ ይመጣል። አዲስ ካርታ ገዝቻለሁ፤ ጆከሮቹን አውጥቼ ጥያለሁ።