ሰባት ቤት ሲቆጠር

ባለፈው ጥር አንድ የዘመድ የጋብቻ ሽምግልና ላይ ተቀምጬ ነበር። ጠያቂው ልጅ ፓዌ ተወልዶ ያደገ ነው። እንደ ጋይንት ወግ፣ ዝምድና እንዳይኖር፣ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ዘር መቆጠር ተጀመረ። የልጁ ወገን አያቱ ላይ ደርሶ ቆመ፦ «እሳቸው በሰባ ሰባት ተጭነው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አናውቅም።»

«ተጭነው» የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ የሚጫን እህል ነው። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ 1.5 ሚሊዮን ሰው አሰፍራለሁ ብሎ፣ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋውን ወደ ፓዌ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳና ወለጋ አጋዘ። የበዛው ከበሽሎ ወንዝ ማዶ፣ ከወሎ ነበር። ግን በሽሎ ጋብቻ ከልክሎ አያውቅም፣ የሄደው የእኛም ዘመድ ነው። መንግሥት «በፈቃድ» ይል ነበር። እህል ልቀበል ብሎ የወጣ አባት በዚያው ሲወሰድ ልጆቹ ደጅ ደጁን እያዩ ቀሩ። አብረው የደረሱትም በተለያየ መኪና ተጫኑ። ይህን አደባባይ ያወጣው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1978 ከአገር ተባረረ።

የ1995ቱ ሰፈራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ አልነበረም። ከላይ ጋይንት፣ ከታች ጋይንትና ከስማዳ ሰው ወደ መተማና ቋራ ሲወርድ፣ የቀዬው መሬት ለ3 ዓመት እንደማይነካበት ቃል ተገባለት። እኔ ግን ቤቱን ለሁለት የከፈለው ይሄው ደግ ቃል ይመስለኛል። አባት ቆላውን ሊሞክር ወረደ፣ እናት መሬቱን ልትጠብቅ ቀረች። ለጉልበት የደረሰው ልጅ ከአባቱ፣ ጡት ያልጣለው ከእናቱ። ወባው፣ የመንገዱ ርቀት፣ ቀስ በቀስም እዚያ የተያዘ ሌላ ትዳር። እቅዱ በአራት ክልሎች 440 ሺህ አባወራ ይል ነበር። በአባወራ ሲቆጠር አንዱ ቤት ሁለት መሆኑ አይታይም።

አውስትራሊያ ውስጥ የአገሬውን ተወላጅ ልጆች ከእናታቸው መንጠቅ ራሱ ፖሊሲ ነበር፤ እስከ 1970 እ.ኤ.አ. ገደማ ዘልቋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኬቨን ረድ በየካቲት 2000 ዓ.ም. ፓርላማ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። እኛ ጋ ልጅ ንጠቁ ያለ ትእዛዝ አልነበረም። ስለዚህ ይቅርታ የሚጠይቅም፣ የጠፋውን የሚፈልግበት መዝገብ ያለውም የለም። ፍለጋው የወደቀው ሽማግሌዎች ላይ ነው።

በዚያ ሽምግልናም የልጅቱ አያት ልጁ የነገራቸውን የቀዬ ስም ሦስት ጊዜ አስደገሙት። የእናታቸው ወገን ከዚያው ነው። አንድ ሰው በሽሎን ተሻግሮ ጠይቆ እስኪመለስ ሽምግልናው ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ። ልጁ ጫማውን እያየ «እሺ፣ አባባ» አለ።