የማይመሳሰሉ መንትዮች

ገንዘብ የሚታመነው ባለመለወጡ ነው ይባላል። የአገራችን ነጋዴ በጥንት ዘመን ማርያ ቴሬዛ ብርን ሲቀበል፣ በንግሥቲቱ የፀጉር ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ሳይቀር ይቆጥር ነበር። ይህ አባባል ግን እውነትነቱ ግማሽ ብቻ መሆኑን የሚመሰክር አንድ ገንዘብ አለ፤ እርሱም የቲቤት ታንካ ነው።

በእጄ ያሉት ሁለት ታንካዎች «ጋንደን» ከሚባለው ወገን ናቸው። ይህ ገንዘብ ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግድም አንሥቶ እስከ 1930 እ.ኤ.አ. ተመትቷል። ስስ ነው፤ ክብደቱም አምስት ግራም ያህል ነው። በአንደኛው ገጽ ስምንቱ የቡድሃ ሃይማኖት የመልካም ዕድል ምልክቶች ተከበዋል፤ እነርሱም ጃንጥላ፣ ጥንድ ዓሣ፣ ማሰሮ፣ የሎተስ አበባ፣ ዛጎል፣ መጨረሻ የሌለው ቋጠሮ፣ የድል ሰንደቅና መንኰራኵር ናቸው። ሁለቱን በማጉያ መነጽር ሳስተያይ የምልክቶቹ ተራ ይለያያል፤ የነጥቦቹም ቁጥር አይገጥምም። የመምቻውን ብረት የቀረጸው የሰው እጅ ነውና፣ ልዩነቱ እንደ እጅ ጽሕፈት ነው።

ይህ ገንዘብ እንዲሁ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ቀደም ሲል የካትማንዱ ሸለቆ ነገሥታት ከቲቤት የሚላክላቸውን ብር እየመቱ ይመልሱ ነበር፤ ትርፍ ፈልገውም ርካሽ ማዕድን ይቀላቅሉበት ጀመር። በ1769 እ.ኤ.አ. ሸለቆውን ጠቅልለው የያዙት ጎርካዎች አዲሱ ንጹሕ ገንዘባቸው ከአሮጌው አብልጦ እንዲመነዘር ጠየቁ፤ አሮጌው በእጁ የተከማቸበት ቲቤት ግን አልተስማማም። ይህ ጠብ በ1788 እ.ኤ.አ. ለተነሣው ጦርነት አንዱ ምክንያት ሆነ። ጎርካዎች በ1791 እ.ኤ.አ. እንደገና ወረሩ፤ በተከታዩ ዓመት የቻይና ጦር መለሳቸው። ከዚያም በ1793 እ.ኤ.አ. የቻይናው ንጉሠ ነገሥት የቺየንሎንግ ስም በላሳ ብር ላይ ታተመ።

የጋንደን ታንካ ግን የማንንም ንጉሠ ነገሥት ስም አይሸከምም፤ አብዛኛውም ዓመተ ምሕረት የለውም። በሁለተኛው ገጹ ላይ ያሉት ስምንት ቀለሞች ትርጓሜያቸው «በየአቅጣጫው ድል አድራጊ የሆነው የጋንደን ቤተ መንግሥት» ማለት ነው። ቀራጩ አለፈ፤ ምልክቶቹ ተራ ተለዋወጡ፤ ይህ ቃል ግን ጸና። ሕዝቡ ያመነውም የሥዕሉን መመሳሰል ሳይሆን የቃሉን ባለቤት ይመስለኛል።

ስለ እምነቱም ማስረጃ አለን። ዝርዝር ባጣ ጊዜ ገበያተኛው ታንካውን ይቆርጠው ነበር፤ የሚቆጥረውም በላዩ የተቀረጸውን የአበባ ቅጠል ነው፦ አራት ቅጠል ግማሽ ታንካ። የተቆረጠውም ቍራጭ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን አላቋረጠም።