በደጋ አገር ሎሚን ከውርጭ ስለ መጠበቅ

ሎሚ የቆላ ተክል መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን እኛ በአማኑኤል የምንኖር ደገኞች እናታችን ከፍሬ አብቅለው የተከሉት አንድ የሎሚ ዛፍ በጓሯችን አለን። ጎረቤታችን ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2446 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአገራችንም አየር ከእርስዋ ብዙ አይለይም።

ሎሚውን የሚጐዳው የክረምቱ ብርድ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ሌሊት፥ ምድር በቀን የሰበሰበችው ሙቀት ደመና ሳያግደው ወደ ላይ ይሄድባታል። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ነውና እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ በአንድ ግቢ እንኳ የታችኛው ተክል በውርጭ ሲመታ የላይኛው ይድናል።

ባለ ጓሮ አንባቢ ሆይ፥ ችግኝህን ከፍ ካለው ስፍራ፥ ከድንጋይ አጥር በስተ ደቡብ ትከለው፤ በእነዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለችና ድንጋዩ ቀን የሞቀውን ሌሊት ይመልስለታል። ሥሩን በቀን አጠጣው፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ማታም አራት እንጨት ተክለህ ቅጠሉን ሳይነካ ጆንያ አልብሰው፥ ጧት ግለጥለት። ኩበት አጭሶ ማደር ግን፥ ብዙ ሰው ቢያምንበትም፥ ከማሳል በቀር ጥቅሙ ጥቂት ነው።

እናታችን ባረፉ በዓመቱ ብርቱ ውርጭ ወርዶ የዛፉ ቅጠል በአንድ ሌሊት ጠቈረ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን «እናንተ ልጆች፥ የሞተ ዛፍ ምን ያደርግላችኋል? ነቅላችሁ ጌሾ ትከሉበት» ብለው መከሩን። ምክራቸው የቅን ሰው ምክር ነበረ፤ ነገር ግን የእናታችንን እጅ ሥራ ለመንቀል ልባችን እንቢ አለ። የግንዱን ልጥ በጥፍራችን ፋቅ ብናደርገው ከበታቹ አረንጓዴ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህም የደረቀውን ቅርንጫፍ እንኳ ሳንነካ ቆየን፤ ሕያውና ሙቱ ለይቶ የሚታወቀው አዲስ ቅጠል ሲወጣ ነውና። በሚያዝያ ከግንዱ ግርጌ ሦስት ቀንበጥ ብቅ አለ። ዛፉ ከፍሬ የበቀለ በመሆኑ ቀንበጡም ያው የእናታችን ሎሚ ነው፤ በሌላ ግንድ ላይ ተቀጥሎ የተገዛ ችግኝ ቢሆን ኖሮ ከመቀጠያው በታች የሚወጣው የሌላው ግንድ ዘር በሆነ ነበር።

ደረቁን በሰኔ ቆረጥነው። ቀንበጡ ገና ከወገባችን ስላላለፈ ዘንድሮም ማታ ማታ ጆንያውን ለማልበስ ተራ ገብተናል።