ጀበና ማንሳት ያቃተኝ መስከረም

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ከቤተሰብዎ አንዱ ጠዋት ተነሥቶ «የበሩን እጀታ ማዞር አቃተኝ» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? ትኩሳት የለውም፤ አልወደቀም፤ ምግቡንም ይበላል። እኔ ብሆን «ትንሽ ተንቀሳቀስ፣ ይለቅሃል» ብዬ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። እናቴን ለዓመታት እንደዚያ ስላት ኖሬያለሁ። «ጉልበቴን ቆረጠመኝ» ስትለኝ «እርጅና ነው እማዬ» እያልኩ አልፋት ነበር። ተራው የእኔ እስኪሆን ድረስ ማለቴ ነው።

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ለሥራ ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። ከተማዋን በዚያ ወር ቺኩንጉንያ የሚባል በሽታ አጥለቅልቋት ነበር፤ የተያዙት ሰዎች ከ20,000 በላይ መድረሳቸው በኋላ ተነግሯል። ወሬውን ሰምቻለሁ። ግን ማታ ማታ አጎበር ውስጥ ስለምተኛ የተጠነቀቅኩ መስሎኝ ነበር። ስህተቴም እዚህ ላይ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለች ትንኝ እንደ ወባ ትንኝ ሌሊትን አትጠብቅም። የምትናከሰው ቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ነበር የዋልኩት።

ወላይታ ሶዶ ከተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጣለኝ። የእጄ አንጓ፣ ጣቶቼ፣ ቁርጭምጭሚቴ ሁሉ በአንድ ጊዜ አበጡ። የወባ ምርመራ አደረግሁ፤ የለም ተባለ። መጀመሪያ ያየኝ ባለሙያ «ሪህ ነው» ብሎ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጋኝና ወደ ቤቴ ሰደደኝ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰሞኑን የት ነበርሽ?» የሚል ነበር። ድሬዳዋ ስለው ራሱን ነቀነቀ።

ያን ቀን የነገረኝን ለእርስዎም ላካፍልዎት። ቺኩንጉንያ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ስሙ የተገኘው ከማኮንዴ ቋንቋ ሲሆን መጉበጥን ያመለክታል፤ በሽታው መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 በደቡብ ታንዛኒያ ነው። ወደ አገራችንም ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በ2008 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ አካባቢ ታይቷል። ቫይረሱን ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታዘዘው ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽና ፓራሲታሞል ነው። እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት ግን በሽታው ዴንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አይወሰዱም። ሁለቱ በሽታዎች ይመሳሰላሉ፤ የምታስተላልፋቸውም ያችው ትንኝ ናት። ዴንጊ ከሆነ ደግሞ እነዚህ መድኃኒቶች የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ። መርፌው ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ።

ትኩሳቱ በሳምንቱ ወረደ። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ዳነች» አለ። እኔም እንደዚያው አልኩ። በሽታው ግን አልጨረሰኝም ነበር። ብዙ ሰው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ቢድንም፣ የአንዳንዱ መገጣጠሚያ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ያመዋል። እኔ ከእነዚያ ውስጥ ሆንኩ።

መስከረም ገባ፤ ጊፋታ ደረሰ። በወላይታ ቤት የዘመን መለወጫ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አልነግረውም። ሥጋው ይመጣል፤ ዳጣው ይፈጫል፤ ዘመድ ከየአቅጣጫው ይገባል። እኔ ግን እንኳን ዳጣ ልፈጭ ቢላዋ መጨበጥ አልቻልኩም። ቡና ላፍላ ብዬ ተቀመጥኩና ጀበናውን ሳነሳ አንጓዬ ከዳኝ፤ ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። አንዲት ዘመዳችን ሳቅ ብላ «የቢሮ ሰው! ሥራ ጠላሽ እንዴ?» አለችኝ። ፊቴ ደህና ነው፤ ሐበሻ ቀሚስ ለብሻለሁ። ማን ያምነኛል?

እናቴ ምንም ሳትናገር በዚያ በሚያማት ጉልበቷ አጠገቤ ቁጭ አለችና ጀበናውን ተቀበለችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጠዋት ጠዋት ነው አይደል የሚብሰው?» አለችኝ። ዕንባዬ መጣ። ያ ቃል የሕመሜን ልክ የሚያውቅ ሰው ቃል ነበር። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

እንዴት ተሻለኝ? እውነቱን ልንገርዎት፤ ቀስ ብሎ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና «ባንድ ቀን የሚያድን» የሚል ቃል ምን ያህል እንደሚሸጥ አውቃለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ገዢዋ እኔ ልሆን ምንም አልቀረኝም። አንዷ ጎረቤት የምታውቀውን እንክብል ልታመጣልኝ ነበር፤ ሐኪሜ ሳልጠይቀው እንዳልውጥ አስጠነቀቀኝ። በየሰፈሩ ለቁርጥማት ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ስቴሮይድ ናቸው፤ ቶሎ ያስታግሣሉ፤ ሲያቆሟቸው ሕመሙ ብሶ ሊመለስ ይችላል፤ ሲቆዩ ስኳርና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ብግነቱን የሚቀንስ መድኃኒት በኋላ የወሰድኩት ሐኪሙ አዝዞልኝ፣ ምግብ ከበላሁ በኋላ ነው።

የቀረውን ቤት ውስጥ ሠራሁት። ጠዋት ከሁሉ በፊት እጆቼን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆያለሁ፤ ከዚያ ቀስ እያልኩ መጨበጥና መዘርጋት። ጨርሶ መተኛት መገጣጠሚያውን ይበልጥ ያደርቀዋል፤ ከአቅም በላይ መሥራትም ያሳብጠዋል። ስለዚህ በየቀኑ አጭር የእግር መንገድ እሄድ ነበር። ልብስ ማጠቡንና ውሃ መሸከሙን ባለቤቴ ወሰደው። ለአለቃዬም ሳላፍር ነገርኩት፤ ጠዋት ጠዋት ጽሑፉን ትቼ የስልክ ሥራውን አስቀድም ጀመር። ቁርጭምጭሚቴ በሦስት ወሩ ለቀቀኝ። አንጓዬ ስምንት ወር ፈጀ። የእርስዎ ከሦስት ወር ካለፈ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያውቅ ሐኪም ይይዎት፤ ሌላ ዓይነት የመገጣጠሚያ በሽታም ሊሆን ይችላል።

ይህ የቆላ በሽታ ነው፣ እኛን አይመለከትም እንዳይሉ። በዚሁ በወላይታ፣ በኦፋ ወረዳ፣ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ቢጫ ወባ ገብቶ ሰው ገድሏል። እርሱንም የሚያስተላልፉት የኤደስ ወገን ትንኞች ናቸው። በየጓሯችን ባለው እንሰት ቅጠልና ግንድ መካከል በሚጠራቀም ውሃ ሳይቀር ይራባሉ። እንሰቱን አንነቅልም፤ በርሜሉን መክደን፣ አሮጌ ጎማና ጣሳ ማስወገድ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን በየሳምንቱ አፍስሶ ግድግዳውን መፈተግ ግን እንችላለን። እንቁላሏ ውሃው ቢደርቅም ለወራት ይቆያልና ማፍሰሱ ብቻ አይበቃም።

አሁን ጀበና አነሳለሁ። ብርድ ሲሆን ብቻ አንጓዬ ትንሽ ያስታውሰኛል። ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ለእናቴ እደውልና «ጉልበትሽ እንዴት አደረ?» እላታለሁ። አንዳንዴ «ደህና ነው» ትለኛለች። አንዳንዴ ደግሞ በዝርዝር ትነግረኛለች፤ እኔም ሳልቸኩል አዳምጣታለሁ።